ለወሩ መጨረሻ ሾው የማች ጽሁፍ ስለመላክ

ሰላም ቤተሰብ፣ በፈጠርናቸው የሬስሊንግ ካራክተሮች የምንጽፈው የወሩ መጨረሻ ሾው የሚለጠፈው እሁድ ማታ 2 ሰዓት ስለሆነ የማች (የግጥሚያ) ጽሁፋችሁን እስከ አርብ ማታ 3 ሰዓት እዚሁ ግሩፕ ላይ ላኩ፣ ከዛ በኋላ የመጣ ለሚቀጥለው ይተላለፋል። ከ800 ቃል አይብለጥ። ማን እንደሚያሸንፍ ሁለታችሁ በውስጥ መስመር ጨርሳችሁ ነው የምትልኩት፣ የሰው ካራክተር ሳያስፈቅዱ ማስጎዳት የለም።

አንድ ነገር ግን ከልቤ ልለምናችሁ፣ ማቹን ፊኒሸር በፊኒሸር (የካራክተሩ ዋና ማሸነፊያ ስልት) ብቻ አትሙሉት። እ.ኤ.አ. በ1997 በትልቁ የሬስሊንግ ሾው ሬስልማኒያ 13 ላይ ሬስለሮቹ ብሬት ሃርትና ስቲቭ ኦስቲን የተጋጠሙትን አስታውሱ፣ ኦስቲን ፊቱ በደም ተሸፍኖ ሻርፕሹተር (የብሬት እግር ቆልፎ ወገብ የሚያጥፍ ስልት) ውስጥ ገብቶ እጅ አልሰጥም እንዳለ ራሱን ሳተ፣ ዳኛው ኬን ሻምሮክ አስቆመው፣ የተሸነፈው ጀግና ሆኖ ወጣ ያሸነፈው ተጠላ። እኛም ተሸናፊው የሚያድግበት ታሪክ ነው የምንፈልገው፣ ደግሞ ጉልበቱን የተመታ ካራክተር ከሁለት መስመር በኋላ ከገመድ ላይ አይዝለልብን፣ ያነክስ እንጂ።

የሻምፒዮንነት ቀበቶውን ማች ሶስት ሰው ጠይቋል፣ ሶስቱም አንዴ ይግጠሙ ወይስ ማጣሪያ ይሁን? እስከ ረቡዕ "ሶስቱም" ወይ "ማጣሪያ" ብላችሁ መልሱ። በዚህ ወር የማይመቸው ካለ አሁኑኑ ይንገረን፣ ለተጋጣሚው ሌላ ሰው እንፈልግለታለን።