የጉጉት «ጆሮ» አያታልላችሁ

ክቡር አዘጋጅ፣

በጋዜጦቻችን የጉጉት ፎቶ ሲወጣ ከሥሩ «ጉጉት» ተብሎ ይታለፋል፤ ቢበዛ «ባለጆሮ» ይጨመርበታል። ያ ጆሮ ግን ላባ ነው። ወፉ ሲረጋጋ ያስተኛዋል፣ ሲደነግጥ ያቆመዋል።

ላንጋኖ ዳር ዓይናቸው ጥቁር ቡናማ የሆነ ሁለት ባለጆሮዎች አሉ። ከአፍሪካ ጉጉቶች ሁሉ የሚገዝፈው፣ በሳይንሳዊ ስሙ ቡቦ ላክቴየስ የሚባለው፣ ቁመቱ 60 ሳንቲ ሜትር ያልፋል፤ ቡቦ ሲኔራሴንስ 43 ገደማ ነው። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ሰፊ ቢሆንም፣ አጠገቡ የሚነጻጸር ነገር ከሌለ በምሽት ትንሹም ይገዝፋል። የሚያስተማምነው የዓይን ቆብ ነው። የትልቁ ሮዝ ስለሆነ ሲያንቀላፋ እንኳ ያስታውቃል። ስለዚህ ሁለቱን ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ዛፍ ላይ እንደተቀመጡ መፈለግ ይሻላል።

ባሌ፣ ዲንሾ አካባቢ ደግሞ የዓይን ቀለምም ብዙ አይረዳም። ጥዱ ውስጥ ያለው አሲዮ አቢሲኒከስና ገደላማ ቦታ የሚወደው ቡቦ ካፔንሲስ ሁለቱም ባለጆሮ፣ ዓይናቸውም ከቢጫ እስከ ብርቱካን ነው። እዚህ መታየት ያለበት በጆሮዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ነው፦ የአሲዮ ረጃጅምና ግንባሩ መሐል ተቀራርበው የበቀሉ ናቸው፤ የቡቦ ግን ከዓይኖቹ በላይ ተራርቀው ይቆማሉ። አሲዮ ጆሮውን ካስተኛ በዚያው ጫካ ካለው ጆሮ አልባ ስትሪክስ ዉድፎርዲ ጋር ይምታታል። ያኔ ዓይን ይፈርዳል፤ የስትሪክስ ጥቁር ቡናማ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በባትሪ አያያዝ ነው። ግንባር ላይ የታሰረ ባትሪ ብርሃኑ ከወፉ ዓይን ቀልቶ ስለሚመለስ ቡናማው ከብርቱካኑ አይለይም። ባትሪውን ከራስ አርቆ፣ አደብዝዞ፣ በጎን ለጥቂት ሰከንድ ማብራት ይበቃል። ቀይ ሽፋን የሚያደርጉም አሉ፤ በቀይ ብርሃን የቀለም ነገር ጨርሶ አይታመንም። ባይኖኩላርም ቢሆን ለምሽት 8×42 (8 ጊዜ የሚያጎላ፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው) ከ10×42 ይመረጣል፤ ወደ ዓይን የሚደርሰው የብርሃን ክብ 5.25 ሚሊ ሜትር ነው፣ የሌላው 4.2።

ባትሪ ከማብራት በፊት ግን አሥር ደቂቃ ያህል ማዳመጥ። ስትሪክስ ምት ባለው አጫጭር «ሁ ሁ» ይጠራል፤ ሴቷ ቀጠን ባለ ድምፅ ትመልሳለች። የአሲዮ ጥሪ ወፍራምና የተጎተተ ነው። የተቀዳ ድምፅ በስልክ እያጫወቱ መጥራት ግን፣ በተለይ በመራቢያ ወቅት፣ ወፉን ከጎጆው ስለሚያስወጣ ነውር ነው እንላለን።

ፎቶ ስታትሙ እባካችሁ ቦታውንና ሰዓቱን ጻፉልን።

ከወፍ ተመልካቾች