የመረሬ ጭቃና የጫማ ማጽጃ ማሽን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣

ክረምት በመጣ ቁጥር በጋዜጣም በሬዲዮም ስለ ጎርፍ፣ ስለ ተደፈኑ ቱቦዎችና ስለ መንገድ ብልሽት ብዙ ይባላል፤ መባሉም ተገቢ ነው። ከመንገዱ ተነሥቶ ወደ ደረጃችን፣ ከደረጃችንም ወደ ሳሎናችን ስለሚገባው ጭቃ ግን እንደ ቁም ነገር የሚያነሣ ሰው አላጋጠመኝም። አሁን ደግሞ ይህንኑ ጭቃ አስታኮ አንድ ዕቃ በየሱቁ መታየት ጀምሯል፤ በኤሌክትሪክ የሚሽከረከር ብሩሽ ያለው፣ ለመኖሪያ ቤት ተብሎ የሚሸጥ የጫማ ማጽጃ ማሽን ነው። በቱሉ ዲምቱና በአቅራቢያው ባሉ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ለምንኖር ሰዎች ይህ ማሽን ገንዘብ የሚያስወጣ እንጂ ጭቃ የሚያስወጣ አለመሆኑን፣ በአንጻሩ ማንኛውም የሰፈር በያጅ በግማሽ ቀን ሊሠራው የሚችል የብረት መፋቂያ ጭቃውን ከደጅ እንደሚያስቀረው ለማስረዳት ነው ይህን ደብዳቤ የምጽፈው። ዕድሜዬን በብረታ ብረት ሥራ መምህርነት ስላሳለፍኩ፣ ጉዳዩን በሙያዬ ዓይን ባየው አንባቢ እንደማይታዘበኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ከሁሉ በፊት ጭቃው ራሱ መታወቅ አለበት። ከመሀል ከተማ ወደ ደቡብና ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ አቃቂ ሜዳ ሲወረድ የምናገኘው መሬት በአብዛኛው ገበሬው መረሬ የሚለው ጥቁር አፈር ነው፤ የአፈር ሊቃውንት ቨርቲሶል ይሉታል። በአገራችን ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር እንደሚሸፍን የሚነገርለት ይህ አፈር ቢያንስ 30 በመቶው፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በላይ የሆነው እጅ፣ እጅግ የላመ ሸክላ ነው። ሸክላው ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በበጋ መሬቱ ተሰነጣጥቆ የምናየው፣ የስንቱ ሰው አጥርም ዘምሞ የሚቀረው በዚሁ ምክንያት ነው። ለጤፍና ለሽምብራ የተመቸ መሬት ስለሆነ አፈሩን ማማት አይገባም። ጫማ ላይ ሲያርፍ ግን እንደ ሊጥ ይለጠፋል፤ ተለጥፎም አይቀር፣ በእያንዳንዱ እርምጃ ሌላ ድርብ እየጨመረ ይሄዳል። ከታክሲ ወርዶ ብሎኩ ደጃፍ እስኪደርስ ድረስ ቁመቱ ከፍ ያለ፣ እግሩም የከበደ ሰው ማየት በእኛ ሰፈር ብርቅ አይደለም። ይህን አፈር በተመለከተ በእርሻው በኩል ብዙ ተደክሟል፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አዲስ አበባ የሚገኘውና ኢልካ ይባል የነበረው የእንስሳት ምርምር ማዕከል ከአጋሮቹ ጋር ሆኖ ሁለት የአገር ማረሻዎችን በማጣመር ሰፊ መደብ የሚያወጣና ውሃውን የሚያንጣፍፍ በበሬ የሚጎተት መሣሪያ እስከ መሥራት ደርሶ ነበር። ለማሳው ይህን ያህል ከታሰበ፣ በዚያው አፈር ላይ ለተሠራው ብሎክ ደጃፍ አንዲት ቁራጭ ብረት አለመታሰቧ ይገርመኛል።

ማሽኑን ላላዩት ሰዎች አሠራሩን በአጭሩ ልግለጽ። አንድ አነስተኛ ሞተር፣ ከሞተሩ ዘንግ ጋር የሚዞሩ ክብ ብሩሾች፣ ከላይ ሰው የሚደገፍበት መያዣ፣ እንዲሁም በእግር የሚጫኑት ወይም እግር ሲቀርብ በራሱ የሚነሣ ማብሪያ አለው። አንደኛው ብሩሽ ሸካራ ሆኖ አቧራ ያራግፋል፤ ሌሎቹ ለስላሳ ሆነው አንዱ ጥቁር ጫማ፣ ሌላው ቡናማውንና ነጣ ያለውን ይወለውላል። ተለቅ ተለቅ ያሉት ወገኖቹ በሆቴሎች መተላለፊያ ላይ ቆመው ይታያሉ፤ በዚያ ቦታ ጥሩ ዕቃ መሆኑን አልክድም። ከመኪና ወርዶ በንጣፍ ድንጋይ ላይ ጥቂት ተራምዶ የገባ እንግዳ ጫማው ላይ ያረፈውን ቀላል አቧራ ለማንሣትና ቆዳውን ለማንጸባረቅ የተሠራ ነውና። የሞተሩ ጉልበትም ለዚያው ያህል የተመጠነ ነው፤ ለቤት የሚሸጡት በአብዛኛው ከ100 ዋት ብዙም አያልፉም።

በመረሬ ጭቃ ላይ ምን እንደሚሆን ያየሁት በጎረቤቴ ቤት ነው። አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንዲት ወይዘሮ ማሽኑን «ለማንኛውም ጫማ፣ ለማንኛውም ቆሻሻ» ተብለው ገዝተውት ኖሮ፣ ክረምቱ ሳይጋመስ «ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ፣ ማጉረምረም እንጂ መዞር ትቷል» ብለው አመጡልኝ። ክዳኑን ስፈታው በሸካራው ብሩሽና በመሸፈኛው መካከል የነበረው ክፍተት በደረቀ ጥቁር ጭቃ ግጥም ብሎ ተሞልቷል። የብሩሹ ጭራ እርስ በርሱ ተጣብቆ አንድ ወጥ ጎማ መስሏል፤ በጥፍሬ ብሞክረው አልላቀቅ ስላለ በመፍቻ ጫፍ እየሰነጠቅኩ ማውጣት ግድ ሆነብኝ። ከሥር ያለው የሞተሩ መጠምጠሚያ ሽቦ ጠቁሮ፣ ሽታውም ያንን ሞተር ጠምጣሚ ቤት የገባ ሰው የሚያውቀውን የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ይሸት ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እርጥብ ሸክላ ብሩሹን አንቆ ሲይዘው ሞተሩ መዞር ያቅተዋል፤ መዞር ያቃተው ሞተር ደግሞ ከመጠን ያለፈ ኤሌክትሪክ እየሳበ ይግላል፤ ባለቤቱ ቶሎ ካላጠፋው የሽቦው ሽፋን ይነድና ሥራው ያበቃል። ማሽኑ ሳይቃጠል ቢቀር እንኳ ጫማው አይተርፍም፤ በጭቃው ውስጥ ያለው ደቃቅ አሸዋ በሚሽከረከር ብሩሽ ተገፍቶ የቆዳውን ገጽ ይጭረዋልና። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ማሽኑ የሚቀመጠው ሶኬት ባለበት፣ ማለትም ቤት ውስጥ ነው። ጭቃው በአራት ፎቅ ደረጃ ላይ ተራግፎ፣ የበሩን ጆንያ አቋርጦ ከገባ በኋላ ማጽዳት ምን ይባላል? መብራት በጠፋ ዕለት የሚሆነውን ደግሞ አንባቢ ራሱ ያውቀዋል።

ማሽን ያልገዛው አብዛኛው ሰው ጫማውን መታጠቢያ ቤት ወስዶ ያጥባል። ይህም ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ከባድ ወጪ ከመሆኑ ባሻገር፣ ታጥቦ የወረደው ሸክላ በወለሉ ሲፎን ውስጥ ይዘቅጣል፤ ከሌላው ቆሻሻ ጋር ሲገናኝም ይጠጥርና ከሥር ያለው ጎረቤት ጣሪያ እስኪረጥብ ድረስ ማንም አያውቀውም። በብሎካችን ቧንቧ ሠራተኛ በተጠራ ጊዜ ከቱቦው ሲያወጣ ያየሁት ብዙው ነገር ይኸው ጥቁር አፈር ነበር።

የብረት መፋቂያው አዲስ ግኝት አይደለም። በአውሮፓ ከተሞች መንገዱ ገና ያልተነጠፈበት፣ የፈረስ ፋንድያም በየጎዳናው የሚረገጥበት ዘመን፣ በተለይ በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ19ኛው፣ በየቤቱ ደጃፍ አንድ የብረት ስለት ተተክሎ እንግዳም ባለቤትም የጫማውን ሶል እየፋቀበት ይገባ ነበር። በብራስልስና በፓሪስ አሮጌ ቤቶች ግድግዳ ሥር ይህ መፋቂያ ዛሬም ድረስ ይታያል። ኋላ መንገዱ ሲነጠፍና የእግረኛ መሄጃ ሲሠራ ሥራ ፈትቶ ጌጥ ሆነ። እኛ ደግሞ ያለነው መፋቂያው ገና ሥራ በሚኖረው ዘመን ላይ ነው።

አሠራሩን ዘርዘር አድርጌ ላስቀምጥ፤ ደብዳቤውን የሚያነብ የብሎክ ኮሚቴ ለበያጅ ማሳየት ይችላልና። 5 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ብረት 30 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ላይ ይቆረጥና በጎኑ ቆሞ፣ በሁለት ቋሚ ብረቶች መካከል ይበየዳል። የላይኛው ጠርዝ ከመሬት ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ አረጋውያን እግራቸውን ለማንሣት ይቸገራሉ፣ ከዚያ ካነሰ ደግሞ የተፋቀው ጭቃ ተከምሮ ቶሎ ይሸፍነዋል። ጠርዙ በሞረድ ለስለስ ማለት አለበት፤ ቢላዋ እንዲሆን አንፈልግም፣ ልጆች ይሮጡበታል። ከጎኑ እስከ ወገብ የሚደርስ የቱቦ መደገፊያ ግዴታ ነው፤ በአንድ እግር ቆሞ ሌላውን መፋቅ ሚዛን የሚጠይቅ ሥራ ስለሆነ፣ መደገፊያ የሌለው መፋቂያ ለሽማግሌ ወጥመድ ነው። ከመፋቂያው ቀጥሎ ሦስት ጠንካራ የወለል ብሩሾች፣ ሁለቱ ጫማ በሚያስገባ ክፍተት ፊት ለፊት ቆመው፣ አንዱ ከሥር ጭራው ወደ ላይ ሆኖ፣ በአንድ የብረት ክፈፍ ላይ በቡሎን ይታሰራሉ። ቡሎን የምለው ብሩሹ ሲያልቅ ተፈትቶ እንዲቀየር ነው። ቦታው ከጣሪያ ክፈፍ ውጭ፣ ከመተላለፊያው ግን ፈንጠር ብሎ ይሁን፤ ዝናብ ራሱ እያጠበው ይውላል፣ ሰውም አይደናቀፍበትም። ከሥሩ ጠጠር የተሞላ ጉድጓድ ካለ ውሃው ይሰርጋል፣ የተፋቀው ጭቃም በአካፋ ይነሣል።

ቅደም ተከተሉ ልብ ይባል፤ መጀመሪያ ብረቱ፣ ቀጥሎ ብሩሹ። ብሩሹን ብቻ ያደረጉ ሰዎች አሉ፤ ውጤቱ ከማሽኑ ብሩሽ አይለይም፣ በጥቂት ቀን ውስጥ በጭቃ ይደፈናል።

መፋቂያው የደረጃ ንጽሕናን ብቻ ሳይሆን ሌላም ጭንቀት ያቃልላል። በባህላችን እንግዳ በር ላይ ጫማውን ለማውለቅ ጎንበስ ሲል ዝም ብሎ የሚያይ ባለቤት የለም፤ «ኧረ በሞቴ፣ አያውልቁ፣ ይግቡ» ማለት ግድ ነው። እንግዳውም ለይሉኝታ ብሎ ይገባል፣ ባለቤቲቱም ፈገግ ብለው ያስገባሉ፤ ከዚያ በኋላ ምንጣፉ የሚደርስበትን ሁለቱም እያዩ እንዳላዩ ይሆናሉ። ለቅሶና የማኅበር ጽዋ ባለበት ቀን ይህ በሃምሳና በስድሳ ሰው ይባዛል። ታች ደጃፍ ላይ መፋቂያ ካለ ማንም ማንንም ሳይናገር ነገሩ እዚያው ያልቃል።

ስለ ሊስትሮ ልጆች የሚጨነቅ አንባቢ ይኖር ይሆናል። እንዲያውም የሚጠቀሙት እነርሱ ናቸው። በክረምት አንድ ሊስትሮ ከጊዜው አብዛኛውን የሚያጠፋው በእንጨት ወይም በቢላዋ ቁራጭ የሶሉን ጭቃ በመፈልቀቅና ከሩቅ በጄሪካን በተሸከመው ውሃ በማጠብ ነው፤ ደንበኛው የሚከፍለው ግን ለቀለሙና ለማንጸባረቁ ነው። ጭቃው ተፍቆ የመጣ ጫማ ሲያገኝ ውሃውም ይተርፈዋል፣ በሰዓት የሚያስተናግደው ሰውም ይበዛለታል።

«መንገዱ ሲነጠፍ ጭቃው ይቀራል፣ ለምን በከንቱ እንደክማለን?» የሚል መልስ ከኮሚቴያችን አባላት ሰምቻለሁ። መሀል ከተማው በኮሪደር ልማት የእግረኛ መንገዱ አምሮበታል፤ እኛም ተራችን እንዲደርስ እንመኛለን። ነገር ግን ኮብልስቶን የተነጠፈላቸው የሰፈራችን መተላለፊያዎች እንኳ አፈር የጫነ ገልባጭ መኪና በተመላለሰባቸው ማግሥት ድንጋያቸው አይታይም፤ በዙሪያው ግንባታ እስካለ ድረስ ጭቃው በጎማ እየተጫነ ይመጣል። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የብሎክ መግቢያና ደረጃ የጋራ መጠቀሚያ በመሆናቸው አስተዳደራቸው የቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው፤ ስለዚህ የማንንም ፈቃድና በጀት መጠበቅ አያስፈልግም። አንድ የቤት ውስጥ ማሽን የሚገዛበት ገንዘብ ለአንድ ብሎክ መፋቂያና ብሩሽ ይበቃል፤ ወጪው በመግቢያው ለሚጠቀሙት አባወራዎች ሲካፈል ደግሞ የሚያነጋግር አይሆንም። አዲስ ለሚገነቡ ብሎኮች ግን ጉዳዩ የዲዛይን ባለሙያዎች ነው፤ የደጃፉ ሲሚንቶ ሳይፈስ በፊት ሁለት ቀዳዳ መተው ምንም ወጪ የለውም።

የቀረው አንድ እውነተኛ ችግር ሌብነት ነው። የማንሆል ክዳን እየተነቀለ በሚሸጥበት ከተማ ደጅ ላይ የቆመ ብረት ቆራሌው ዘንድ እንደማይደርስ ማን ዋስ ይሆናል? ለዚህም በያጁ የቋሚዎቹን እግር ጫፍ ሰንጥቆ ግራና ቀኝ እንዲያጥፋቸው፣ በመካከላቸውም ቁራጭ ፌሮ በአግድም እንዲበይድ አድርጎ፣ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ኮንክሪት ውስጥ መቅበር ነው። ኮንክሪቱ ሳይነካ አንድ ሳምንት ይቆይ፤ በየቀኑም ውሃ ይጠጣ። ሥራው ግንቦት ላይ ከተጀመረ ሰኔ ሳይገባ ይደርሳል።

ከአክብሮት ጋር፣

አንድ ጡረተኛ የብረታ ብረት ሥራ መምህር
ከቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ