ክቡር ከንቲባ፣ የሌሊቱን ሞንታርቦ ዝቅ ያስደርጉልን

ይድረስ ለድሬዳዋ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት

ክቡር ከንቲባ፣

ድሬ ላይ ትልቁንም ትንሹንም አንተ ብለን ነው ያደግነው። ይሄ ደብዳቤ ወደ መሥሪያ ቤት የሚገባ ስለሆነ ግን ለዛሬ አንቱ ልበል።

የድሬ ልጅ ነኝ። ሥራዬ ፓይለት ነው፤ መንገደኛ አመላልሳለሁ። የምሠራው አዲስ አበባ ሆኜ ቢሆንም የዕረፍት ቀኖቼን የማሳልፈው እዚሁ እናቴ ቤት ነው። የምጽፍልዎት ስለ አውሮፕላን ማረፊያው አይደለም። ስለ ቲኬት ዋጋም አይደለም (እሱን ሰፈር ውስጥ ያገኘኝ ሁሉ ይጠይቀኛል፣ መልስ የለኝም)። የምጽፍልዎት ስለ እንቅልፍ ነው።

እንቅልፍ ደግሞ ከመቼ ወዲህ የከንቲባ ጉዳይ ሆነ ይሉ ይሆናል። ከእኔ ሥራ ልነሳና ላስረዳ።

ሰው ፓይለት ሲባል የሚታየው ዩኒፎርሙና የውጭ አገር ሆቴሉ ነው። ለእኛ ግን ሥራው ከምንም በላይ ሰዓት ነው። ኑሯችንን የሚመራው ሮስተር፣ የበረራ ተራችን የሚወጣበት መርሐ ግብር ነው። ዛሬ ንጋት 12 ሰዓት ላይ የሚነሳ በረራ ይደርሰኛል፤ ለእሱ ከሌሊቱ 9 ሰዓት መነሳት አለብኝ። ከሁለት ቀን በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ስበር ላድር እችላለሁ። ሮስተር ዓውደ ዓመት አያውቅም፤ ሰርግም ለቅሶም አያውቅም። በየስድስት ወሩ ሲሙሌተር (በረራን የሚያስመስል መለማመጃ) ውስጥ ገብተን እንፈተናለን፤ ሞተር ይጠፋብናል፣ እሳት ይነሳብናል፣ ጭጋግ ይወርድብናል። የጤና ምርመራውም አለ። ጫት አይፈቀድም። ጓደኞቼ በርጫ ሲጠሩኝ ሄጄ ለስላሳ ይዤ እቀመጣለሁ። የድሬ ልጅ ሆኖ በርጫ ላይ ኮካ መጠጣት ምን እንደሚመስል እርስዎም አያጡትም።

ይሄ ሁሉ ይለመዳል። እንቅልፍ ማጣት ግን አይለመድም። የለመደው የሚመስለው ሰው አለ፤ የሚፈራውም እሱ ነው።

የሰው ልጅ ንቃት ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ከሁሉ በታች ይወርዳል። ደመወዝ ቢጨመርለትም፣ ቡና ቢጠጣም ያው ነው። 17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ብቃቱ ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እኩል ሆኖ ተገኝቷል። በብዙ አገር በዚህ መጠን መሪ መያዝ ክልክል ነው። ልዩነቱ፣ አልኮል ሲሆን ሰውየው ትንፋሹን ሰጥቶ ይታወቅበታል። ለእንቅልፍ እንዲህ ያለ መሣሪያ የለም። ጠዋት ሥራ ስገባ ስንት ሰዓት እንደተኛሁ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ደክሞኛል፣ አልበርም ማለት መብቴም ግዴታዬም ነው። መንገደኛው ተሰልፎ፣ ቤተሰብ ወዲያ ማዶ እየጠበቀው ይሄን ቃል ማውጣት ግን ቀላል አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ውስጥ ቡፋሎ አጠገብ አንድ ኪው 400 አውሮፕላን ወድቆ 50 ሰው ሞተ። ኪው 400 ማለት ድሬም የሚመላለሰው ባለ ፕሮፔለሩ ነው። መርማሪዎቹ ዋናው ምክንያት ፍጥነቱ ወርዶ አውሮፕላኑ ሲያስጠነቅቅ ካፒቴኑ የወሰደው የተሳሳተ እርምጃ ነው አሉ። ድካምም የሁለቱንም አብራሪዎች ብቃት ሳይጎዳው እንዳልቀረ ጻፉ። ካፒቴኑ ያደረው አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ፣ ሠራተኞች የሚቆዩበት ክፍል ነበር። ረዳት አብራሪዋ ደግሞ ሌሊቱን በሌላ አውሮፕላን ስትጓዝ አድራ ነው ሥራ የገባችው። በዓመቱ ሕንድ ውስጥ ማንጋሎር ላይ በሌላ አውሮፕላን አደጋ 158 ሰው አለቀ፤ የኮክፒቱ፣ የአብራሪዎቹ ክፍል ድምፅ መቅጃ ላይ የካፒቴኑ ማንኮራፋት ተሰማ። ከእንቅልፉ የነቃው ሊያርፉ ሲቃረቡ ነበር።

ከቡፋሎው በኋላ አሜሪካኖቹ ሕጋቸውን ለወጡ። አንድ አብራሪ ከሥራ በፊት ቢያንስ 10 ሰዓት ዕረፍት ይሰጠው፣ ከዚያም ውስጥ 8 ሰዓት ሳይቋረጥ የሚተኛበት ዕድል ይኑረው ተባለ። የአውሮፓው ደንብ ደግሞ ሠራተኛው የሚያርፍበት ክፍል ጸጥ ያለ፣ አየር የሚያገኝ፣ ብርሃኑና ሙቀቱ የሚስተካከል ይሁን ይላል። ጥሩ ደንብ ነው። ግን የሚያዝዘው አየር መንገድን እንጂ የጎረቤትን ሞንታርቦ አይደለም። ሞንታርቦውን የሚያዝዙት እርስዎ ነዎት።

ሌላ ከተማ ቢሆን መስኮት ይዘጋል። ድሬ ላይ አይሆንም። ስለ ሙቀታችን የፓይለት ምስክርነት ልስጥ። ማረፊያችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,160 ሜትር ገደማ ነው። ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲገባ ግን አየሩ ይሳሳና አውሮፕላኑ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ያህል ይሆንበታል። ክንፉ የሚይዘው አየር ያንሳል፣ ሞተሩም ይደክማል። ለመነሳት ረዘም ያለ መንደርደር ያስፈልገዋል፤ አንዳንዴ ጭነት ይቀነሳል። ለብረቱ እንዲህ የተጠነቀቅን ሰዎች እናቴን ግንቦት ላይ መስኮትሽን ዘግተሽ ተኚ ልንላት አንችልም። ኤሲ ያለው ስንቱ ነው? አብዛኛው ሰው በረንዳ ላይ ወይ ግቢ ውስጥ ፍራሽ ዘርግቶ ነው የሚያድረው። በእሱና በድምፁ መካከል ግድግዳ እንኳ የለም።

ድምፁ ምን እንደሆነ እርስዎም ያውቁታል። ጣሪያ የሌለው ግሮሰሪ ሞንታርቦውን ወደ መንገድ አዙሮ ይከፍታል። ቀጥሎ ያለው እንዳይበለጥ ከፍ ያደርጋል። የሰርግ ድንኳን አለ፤ ጀነሬተር አለ። ዘፈኑ ራሱ ባልከፋ፤ ዘፈን ከሩቅ ሲሰማ እንዲያውም ያስተኛል። የሚጎዳው ድብ ድብ የሚለው ወፍራም ድምፅ ነው። እሱ በጥጥ አይታፈን፣ በትራስ አይታፈን። በአልጋው እግር በኩል ይገባል።

ድሬ እንቅልፍ የማታከብር ከተማ ብትሆን አልጽፍም ነበር። ታከብራለች እኮ! ቀትር ላይ ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል። በዚያ ሰዓት ክላክስ የሚነፋ ባጃጅ ቢመጣ ሰው ሁሉ ይቆጣዋል። ናሳ በረጅም በረራ ላይ ያሉ አብራሪዎች በየተራ 40 ደቂቃ እንዲያርፉ አድርጎ ሞክሮ ነበር። በአማካይ 26 ደቂቃ ተኙ፤ ካልተኙት ይልቅ ነቅተውና ተሽለው ተገኙ። ይሄን ለእናቴ ብነግራት ለዚህ ነው ወይ ያን ያህል ገንዘብ ያወጡት ትለኛለች። የቀኑን እንቅልፍ እንዲህ የምናከብር ሰዎች የሌሊቱን እንዴት ለነጋዴ ለቀቅነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እስካሁን ስለ ራሴ አወራሁ እንጂ እኔ ከሁሉ የተሻለ ጥበቃ ያለኝ ሰው ነኝ። አጠገቤ ሁለተኛ አብራሪ አለ። ቼክሊስት አለ። የሥራ ሰዓቴን የሚገድብ ሕግ አለ። ስሳሳት የሚጮህ ማስጠንቀቂያ አለ። ድሬ ላይ መተኛት ካቃተኝ ደግሞ አንድ ቀን ቀደም ብዬ አዲስ አበባ እገባለሁ፤ የማደርገውም ይሄንኑ ነው።

ማለዳ ሰው ጭኖ ደንገጎን ወደ ሐረር የሚወጣው የሚኒባስ ሹፌር ምን አለው? ረዳቱ ሒሳብ ይቀበላል እንጂ መሪ አይዝለትም። ጥምዝምዙ ላይ ሁለት ሰከንድ ዓይኑ ቢከደን ማን ይጮህለታል? ከጅቡቲ ተሳቢ ይዞ ገብቶ በማግስቱ የሚመለሰውስ? ድል ጮራ ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ የነበረች ነርስ፣ የሲሚንቶ ፋብሪካ ፈረቃ ሠራተኛ፣ ታወር ላይ ተቀምጦ እኔን የሚያሳርፈኝ ተቆጣጣሪ፣ ጠዋት ፈተና ያለበት ተማሪ። አብዛኞቹ ድካማቸውን የሚቆጥርላቸው ሮስተር የላቸውም። ያላቸው ጥበቃ እንቅልፋቸው ብቻ ነው። አውሮፕላን ሲወድቅ መርማሪ መጥቶ ካፒቴኑ ትናንት የት አደረ ብሎ ይጠይቃል። ሚኒባስ ሲገለበጥ ግን በፍጥነት በማሽከርከር ተብሎ መዝገቡ ይዘጋል። ሹፌሩ የት ሰፈር እንደሚኖርና ስንት ሰዓት እንደተኛ የሚጠይቅ የለም።

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅን ከብክለት ቆጥሮታል። ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። የአገሪቱ የድምፅ ደረጃ ለመኖሪያ አካባቢ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። 45 ማለት ዝግ ያለ የቤት ውስጥ ወሬ ነው። የሰፈራችንን ሰዎች አቤቱታ ይዤ አንድ ቢሮ ሄጄ ነበር። ይሄ የጸጥታ ጉዳይ ነው ተባልኩ። ሌላ ቢሮ ሄድኩ፤ የአካባቢ ጥበቃ ነው ተባልኩ። ሦስተኛው ጋ ዴሲቤሉን ለክታችሁ አምጡ ተባልን። እኛ? ኧረ አቦ! መለኪያው ያለው መንግሥት ቤት መስሎኝ ነበር።

አንድ ነገር ሳልሸሽ ልናገር። አዛንና ቅዳሴን ከዚህ አላስገባሁም። ሁለቱንም እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ አዛን ደቂቃዎች ነው፣ ጆሮም ያውቀዋል። ሌሊቱን ሙሉ በውጭ ድምፅ ማጉያ የሚተላለፍ መርሐ ግብር ሲሆን ግን ሰው ይፈተናል፤ ምእመኑም ጭምር። ይሄ በፖሊስ የሚፈታ አይደለም። አባቶችንና ሼኾችን ጠርተው ቢያነጋግሩ ማጉያውን ወደ ውስጥ ማዞር አያቅታቸውም። የድሬ ሽማግሌ ከዚህ የከበደ ጉዳይም ጨርሷል።

ነጋዴውም ጠላቴ አይደለም። የድሬ ሕይወት ማታ ነው፤ ፀሐይ ሲበርድ ነው ሰው የሚወጣው፣ ሙዚቀኛውም አስተናጋጁም በዚያ ነው እንጀራውን የሚበላው። ይዘጋ አላልኩም። ሌሊት መሥራት የሚፈልግ ቤት ጣሪያና ግድግዳ ይኑረው፤ ፈቃድ ሲታደስም ይሄ ይታይ። ሰርግ ይደገስ፤ የድንኳን ፈቃድ ሲሰጥ ግን ሞንታርቦው የሚጠፋበት ሰዓት ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። ለእኔ ከምሽቱ 5 ሰዓት ይበቃል፤ ነዋሪው 6 ካለም እስማማለሁ። መለኪያ መሣሪያው ይገዛ፤ ዋጋው ቀላል ነው፤ የሚይዘው ባለሙያም በሌሊት ፈረቃ ይመደብ። በቢሮ ሰዓት የሚሠራ የሌሊት ድምፅ ተቆጣጣሪ ምን ያደርግልናል?

ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጥ ቢሉኝ ስልኩን እመርጣለሁ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተደውሎ የሚነሳ አንድ ቁጥር፣ በየቀበሌው በር ላይ የተለጠፈ። በጀትም አዲስ ሕግም ብዙ አይጠይቅም። ማን ጋ እንደምንደውል ካወቅን የቀረውን ነዋሪው ይረዳል።

ነዋሪውን ለውይይት የሚጠሩ ከሆነ እኔም እመጣለሁ። ሮስተሬን አይቼ የሚመቸኝን ቀን አሳውቃለሁ። ስብሰባውን ቀትር ላይ እንዳያደርጉት ብቻ፤ ማንም አይመጣልዎትም።

ከአክብሮት ጋር

አንድ የድሬ ልጅ፣ ፓይለት