ስለ ስፔስ ጠብ ለጻፋችሁት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላም ናችሁ? ባለፈው የቴክኖሎጂ አምዳችሁ ላይ ፕሮግራመሮች ስራ ሲፈቱ ኮድ ውስጥ ስፔስ (ባዶ ቦታ) እና ብራኬት (ቅንፍ) የት ይግባ ብለው ይጣላሉ ምናምን ብላችሁ ስትቀልዱ አነበብኩና ሳቅኩ፣ በኋላ ግን ትንሽ ከነከነኝ፣ ምክንያቱም በዚሁ በስፔስ ነገር አፍሬ የማውቅ ሰው ነኝ።

ቀን ቀን የሂሳብ ሶፍትዌር ነው የምሰራው፣ ማታ ደግሞ መብራት ካለ ኤልኤልቪኤም ላይ እሞካክራለሁ። ለማያውቀው፣ ኮምፓይለር ማለት ሰው የጻፈውን ኮድ ማሽን ወደሚገባው ቋንቋ የሚያዞር ፕሮግራም ነው፣ ኤልኤልቪኤም ደግሞ ሌሎች ኮምፓይለሮች የሚሰሩበት መሰረት ሲሆን በፈረንጆቹ 2000 ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ክሪስ ላትነር ተማሪ እያለ ከአስተማሪው ከቪክራም አድቬ ጋር የጀመረው ነው፣ ዛሬ ክላንግ የሚባለው ኮምፓይለርም፣ ረስትና ስዊፍት የሚባሉት የፕሮግራም ቋንቋዎችም እሱ ላይ ነው የቆሙት። ኦፕን ሶርስ፣ ማለትም ኮዱ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ማንም ኮድ መላክ ይችላል። ማንም ሲባል እኔም አለሁበት፣ ጉዱም የመጣው ከዛ ነው።

መጀመሪያ የላኩት ፓች (ኮዱ ላይ ይግባ ብዬ የላኩት ለውጥ) አራት መስመር ነበር። አራት ያልኩት እኔ ነኝ፣ ኮዱ የሚቀመጥበት ጊትሃብ የሚባለው ድረገጽ ላይ ሲታይ ግን ከ800 መስመር በላይ ተቀይሯል ይላል። ምን ሆኖ መሰላችሁ፣ ኮድ የምጽፍበትን ኤዲተር ሴቭ ባረኩ ቁጥር ፋይሉን በሙሉ ፎርማት እንዲያረግ፣ ማለትም አደራደሩን እንዲያስተካክል ለመስሪያ ቤቴ ኮድ አስተካክዬው ነበር፣ እሱም እዛ ገብቶ ባለሁለት ስፔሱን ባለአራት አረገው፣ መስመሩን እንደፈለገ ቆራረጠው፣ እኔ ደግሞ ሳላይ ላኩት። እስቲ አስቡት፣ ያንን የሚገመግም ሰው የኔን አራት መስመር ለማግኘት ከጤፍ ውስጥ አሸዋ ሊለቅም ነው። ሰውየው ግን አልተቆጣም፣ ያልነካኸውን መስመር መልሰው፣ ፎርማቱ ካላማረህ ለብቻው ሌላ ፓች አርገህ ላክ ነው ያለኝ። ምክንያቱ በኋላ ነው የገባኝ፣ የኮድ ለውጥ የሚመዘግበው ጊት የሚባለው ፕሮግራም እያንዳንዱን መስመር መጨረሻ የነካው ማን እንደሆነ ያሳያል፣ እና ያ ፓች ገብቶ ቢሆን ከአመታት በኋላ ይሄ መስመር ለምን እንዲህ ተጻፈ ብሎ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው የጻፈውን ሰው ሳይሆን እኔን ነው፣ እኔ ደግሞ ስለመስመሩ የማውቀው ነገር የለም። አሁን የነካሁትን መስመር ብቻ የሚያስተካክለውን ጊት ክላንግ ፎርማት የሚባል መሳሪያ ነው የምጠቀመው።

የኤልኤልቪኤሞች የስታይል (የኮድ አጻጻፍ) መመሪያ ላይ ወርቃማ ህግ የሚሉት አለ፣ የነበረ ኮድ ላይ ስትሰራ እዛው ያለውን አጻጻፍ ተከተል ነው ነገሩ። ሰው ቤት በእንግድነት ሄደህ ሶፋ አታዞርም አይደል። ይሄ ደግሞ የሚያስፈልገው ቤቱ ራሱ አንድ አይነት ስላልሆነ ነው፣ ኤልኤልቪኤም ውስጥ የተለዋዋጭ (ዋጋ የሚይዝ ስም) በትልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል ይጀምራል፣ የፈንክሽን (አንድ ስራ የሚሰራ የኮድ ክፍል) ስም በትንሽ፣ እዛው ውስጥ ያለው ኤልኤልዲ የሚባለው ሊንከር (የኮድ ቁርጥራጮችን አንድ ፕሮግራም አርጎ የሚያገጣጥመው) ግን በፈረንጆቹ 2019 ላይ ተለዋዋጮቹን በትንሽ ፊደል አርጓቸዋል። ፊደላችን ትልቅ ትንሽ ስለሌለው ይሁን አላውቅም እኔ እስካሁን ይምታታብኛል። በነገራችን ላይ የትልቁ ፊደል ህግ አይመቸኝም፣ የክላስ (ራሳችን የምንፈጥረው የዳታ አይነት) ስምም በትልቅ ስለሚጀምር የቱ የቱ እንደሆነ ለአይን ያስቸግራል። ግን እከተለዋለሁ።

መስመር ከ80 ፊደል አይለፍ የሚለውም ያስቀኝ ነበር፣ አይቢኤም በፈረንጆቹ 1928 ያወጣው ባለ 80 አምድ የሚበሳ ካርድ ዘመን ነገር ነው እኮ። አንድ ቀን ላፕቶፔ ላይ ሁለት ፋይል ጎን ለጎን ከፍቼ መስመሩ ሳይቆረጥ ሳነብ ነው ዝም ያልኩት። ጂሲሲ የሚባለው ሌላ ኮምፓይለር ጋ ከሄዳችሁ ህጉ ሌላ ነው፣ የፈንክሽኑ ስም ሲፈለግ ቶሎ እንዲገኝ መስመር መጀመሪያ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ረስት 100 ፊደልና አራት ስፔስ ይላል፣ ጎ የሚባለው ቋንቋ ደግሞ ጎፈምት የሚባል ፕሮግራም ሁሉንም በታብ ደርድሮ ጠቡን ገላገለው።

ደግሞ ሁሉም የአይን ጉዳይ አይደለም። ኤልኤልቪኤም አይኦስትሪምን (የሲ ፕላስ ፕላስ የማንበቢያና የመጻፊያ ላይብረሪ) ኢንክሉድ ማረግ፣ ማለትም ፋይል ውስጥ መጥራት የከለከለው ስላስጠላቸው አይደለም፣ በብዙ ሲስተም ላይ እሱን የጠራ ፋይል ሁሉ ፕሮግራሙ ሲነሳ የሚሰራ ተጨማሪ ኮድ ይዞ ስለሚመጣ ነው። እኔ ከሁሉም የምወደው ግን ቶሎ ውጣ የሚለውን ነው። አንድ ቢሮ ሶስት ሰአት ተሰልፋችሁ፣ ሁለት መስኮት አልፋችሁ፣ መጨረሻ ላይ የመታወቂያ ኮፒ የለህም ተመለስ ተብላችሁ አታውቁም? ኮድም እንደዛ ይጻፋል፣ ይሄ ከሆነ፣ እሱ ውስጥ ያ ከሆነ፣ እሱ ውስጥ ደግሞ ሌላ፣ አንባቢው ሁሉንም በጭንቅላቱ ተሸክሞ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ የማይሆነው ነገር መጨረሻ ላይ ነው የሚነገረው። መመሪያው የማይሆነውን በሩ ላይ መልሰው ይላል፣ ኮፒ የሌለው ሪተርን፣ ማለትም እዛው ከፈንክሽኑ ይውጣ፣ ከዛ በታች ያለው ኮድ ጣጣ የሌለበት ሆኖ በቀጥታ ይነበባል።

አሁን ወደናንተ ልምጣ። ስራ ፈት ያላችሁንበት ያ ጽሁፍ ላይ አንዱ አንቀጽ "ዓለም" ይላል ቀጣዩ "አለም"፣ "ኃይል"ና "ሀይል" ደግሞ አንድ መስመር ላይ ተገናኝተዋል። እኔም ይሄን ደብዳቤ ስጽፍ የትኛውን ሰ እንደተጠቀምኩ አላየሁም፣ እኔ ግን ጋዜጣ አይደለሁም። ባለፈው ኢንተርኔት ላይ የምታወጡት ቅጂ ውስጥ "ፀሐፊ" ብዬ ፈልጌ ምንም አላመጣልኝም፣ "ጸሀፊ" ብላችሁ ነው ለካ የጻፋችሁት። ከፈለጋችሁ ከማተማችሁ በፊት እንደዚህ አይነቱን የሚለቅም ትንሽ ስክሪፕት በነጻ እሰራላችኋለሁ፣ ብቻ መጀመሪያ የቱን ጸ እንደምትፈልጉ ተስማሙና ንገሩኝ።

አንባቢያችሁ፣ ከሳሪስ