ስለ በሶ ምዝገባ ለአባላት የተላከ መልእክት

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣

የሰሜን ሸዋን ምግቦች ታሪክ እንመዝግብ ብለን በተስማማነው መሠረት፣ መነሻችን በሶ እንዲሆን አሳስባለሁ። የመንዝ ደጋ ጤፍ እምብዛም የማይሆንለት ብርዳም አገር በመሆኑ የቤቱም የመንገዱም እህል ገብስ ነው፤ ተሸክሽኮ፣ በምጣድ ታምሶና ተፈጭቶ በስልቻ የተቋጠረ በሶ፣ እሳት ሳያሻው በውኃና በጨው ብቻ ስለሚጨበጥ፣ ነጋዴውንም ዘማቹንም ካሰበበት ያደረሰ ስንቅ ነበር። ጨውም የራሱ ታሪክ አለው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መቀመጫዎች አንዷ ከነበረችው ከአንኮበር ግርጌ፣ በአልዩ አምባ ገበያ፣ ከአፋር ቆላ በግመል የሚመጣው አሞሌ ለወጥም ለገንዘብነትም ያገለግል ነበር።

እናቶቻችሁን ስትጠይቁ ታዲያ መጠኑን ብቻ ጽፋችሁ አትመለሱ (የእኔ እናት መልስ «እጅ ያውቀዋል» የሚል ብቻ ነበር)፤ ገብሱ የበልግ ይሁን የመኸር፣ በሙቀጫ ይሸክሸክ ወይስ ወፍጮ ቤት ይሂድ፣ ጨው ሲፈጭ ይግባ ወይስ ሲጨበጥ፣ ይህን ከነመንደሩ ስም መዝግቡ። ማስታወሻችሁን እስከ ጥር መጨረሻ ለማኅበሩ ጸሐፊ አስረክቡ፤ የጠላና የአረቄው ጉዳይ ለሚቀጥለው ዙር ይቆያል።