ኮዱ የሄደው ደብረ ታቦር ነው

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ይህን ደብዳቤ ልልክላችሁ ስል ገጻችሁ መጀመሪያ የጠየቀኝ ኢሜይሌን ነው። ሳቄ መጣ። የምጽፍላችሁም ስለዚሁ ነው።

ጎንደር ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። ፋሲል ግንብ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ቁስቋም፣ እንግዳው ጉልበት ካለው ደግሞ ስሜን ተራራ። የመጀመሪያ ኢሜይሌን በ1999 ዓ.ም. የከፈተልኝ ፒያሳ አንድ ኢንተርኔት ቤት የሚሠራ ልጅ ነው። ያኔ የምንከፍለው በደቂቃ ነበር፤ ገጹ እስኪከፈት ሻይ ጠጥተህ ትመለሳለህ። ልጁ ከደብተር ወረቀት ቀደደና አድራሻውንና የይለፍ ቃሉን ጽፎ ሰጠኝ። የይለፍ ቃሉ "ጎንደር" ሆኖ ከኋላው የተወለድኩበት ዓመት ነበር። መጠባበቂያ ኢሜይል በሚለው ቦታ ላይ የራሱን አስገባ። ለእኔ ብቻ አይደለም፣ ለሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ነበር የሚያደርገው። ክፋት የለበትም፣ ሌላ የሚያስገባው አልነበረንም።

በዚያች አድራሻ ፌስቡክ ከፈትኩ፣ ዲቪ ሞላሁ፣ ሥራ አመለከትኩ። ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን እንግዶች ስለ አስጎብኚ አስተያየት የሚጽፉበት ድረ ገጽ ላይ የነበረኝ ቦታ ነው። ከአሥር ዓመት በላይ የተጠራቀመ አስተያየት። አንዷ እናት፣ ልጇ ደረጃ ላይ ወድቆ እግሩን ሲያመው እስከ መኪናው ድረስ አዝዬው እንደወረድኩ ጽፋ ነበር። ለእኔ ዓይነቱ ሰው ሲቪ ማለት ይኼ ነው።

ከ2015 ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፋ። እንግዳም ጠፋ። ዋይፋይ ያለው ሆቴል ፈልጎ ቴሌግራም ለማየት እንጂ የድሮ ኢሜይል መክፈት ማን ትዝ ይለዋል? በዚያው መሃል ስልክ ቀየርኩ፣ የድሮው ሲም መሳቢያ ውስጥ ቀረ። በኋላ ብመለስ ኢሜይሉ የለም። ለረጅም ጊዜ ስላልገባሁ ተሰርዟል። የየትኛው ድርጅት እንደነበር ይቅር። ሕጉን ጽፈውታል፣ ያላነበብነው እኛ ነን። ጉግል ለምሳሌ 2 ዓመት ያልተነካ የግል አካውንት ሊሰርዝ እንደሚችል በፈረንጆቹ 2023 አስታውቆ፣ በዚያው ዓመት ዲሴምበር መሰረዝ ጀምሯል። ያሁ ደግሞ በ2013 እ.ኤ.አ. ከዓመት በላይ ያልተከፈቱ ስሞችን ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ተናግሮ ነበር። እኔን ያስፈራኝ ይኼኛው ነው። አድራሻህ ሌላ ሰው እጅ ከገባ፣ "የይለፍ ቃል ረሳሁ" የሚለውን ተጭኖ ኮዱን የሚቀበለው እሱ ነዋ!

ወደ ድረ ገጹ ልግባ ስል "ኮድ ልከንልሃል" ይለኛል። የአድራሻዬን የመጀመሪያ ፊደልና የመጨረሻ ቁጥር አሳይቶ መሃሉን በኮከብ ሞልቶታል። የላከው ወደ ፈረሰ ቤት ነው። ሁለተኛው ምርጫ ስልክ ነበር፣ ያው የድሮው ቁጥሬ። ደወልኩ። አንዲት እናት አነሱ፣ ደብረ ታቦር ናቸው።

"ቁጥሩኮ የእኔ ነው ልጄ፣ ገዝቼው ነው" አሉኝ።

"አውቃለሁ እማማ፣ አሁን አንድ መልእክት ይገባልዎታል፣ ቁጥሩን ቢያነቡልኝ ብዬ ነው።"

"ኧረ ይኼ ቁጥር የሚባል ነገርማ በየጊዜው ይመጣብኛል! ግን ልጄ ለማንም እንዳትናገሪ ብሎኛል።"

ምን እላቸዋለሁ? ልጃቸው ልክ ነው። እኔም እናቴን የምመክራት ይህንኑ ነው። አመስግኜ ዘጋሁ።

ከዚያ የሠራሁትን ጅልነትም ልናገር። ቴሌግራም ላይ "የጠፋ አካውንት እንመልሳለን" የሚል ሰው አገኘሁና 500 ብር ላክሁለት። ትንሽ ቆይቶ "አሁን የሚመጣልህን ኮድ ላክልኝ" አለኝ። ኮዱ መጣ። ሳየው የራሴ የቴሌግራም መግቢያ ነው። ለጥቂት እሱንም ይዞብኝ ሊሄድ!

አሁን ወደ ጥያቄዬ። እኛ አገር ኢሜይል የማይጠይቅ ፎርም የለም፤ አድራሻው ሲሞት ግን የሚቀየርበት መንገድ የለም። አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ፣ መታወቂያዬን ዘርግቼ፣ "ኢሜይሌ ተሰርዟል፣ በአዲሱ ቀይሩልኝ" ብላቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "በተመዘገበው ኢሜይልህ ማመልከቻ ላክ።" በአካል ፊታቸው ቆሜ! ኢሜይል የሚሰበስብ ቢሮ ሁሉ መታወቂያ ይዞ ለመጣ ሰው አድራሻ የሚቀይር አንድ መስኮት ቢኖረው ምን ይጎድልበታል? ባንክ ስልክ ቁጥር ይቀይርልን የለ እንዴ?

አንባቢም የድሮው ኢሜይል ገና የሚከፈትለት ከሆነ ዛሬውኑ ይግባበት። ከዚያ ፌስቡኩንም ሌላውንም አንድ በአንድ እየከፈተ በአዲሱ አድራሻ ይቀይር። ቴሌግራምም ላይ የድሮው ሲም ሳይጠፋ ቁጥር መቀየር ይቻላል። ጂሜይል የተቆለፈበት ሰው ደግሞ ከለመደው ስልክና ከለመደው ቦታ ሆኖ ይሞክር፤ በሰው ኮምፒውተር ሲሞከር ጉግል ይበልጥ ይጠራጠራል። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ላበራ ሰው ጉግል ስልክ ሲጠፋ የሚገባባቸው 10 መጠባበቂያ ኮዶች ይሰጣል፣ እያንዳንዱ የሚሠራው አንዴ ነው። እኔ በወረቀት ጽፌ የቤት ካርታው ያለበት ፖስታ ውስጥ ከትቻቸዋለሁ። ዘንድሮ የምትመረቁ ልጆችም በግቢ ኢሜይል የከፈታችሁት ነገር ካለ ከመውጣታችሁ በፊት ቀይሩት። ዲቪ በፎቶ ቤት ኢሜይል የሞላችሁም አስቡበት። የማረጋገጫ ቁጥሩ ከጠፋ፣ መልሶ ለማግኘት ከሚጠየቁት ነገሮች አንዱ የተሞላበት ኢሜይል ነው።

ፒያሳ ያለው ኢንተርኔት ቤት አሁን ጫማ ይሸጥበታል። ልጁ የት እንዳለ የሚያውቅ አላገኘሁም፤ ካገኘሁት መጀመሪያ የምጠይቀው የእሱ ኢሜይል ይከፈት እንደሆነ ነው።

መልስ ካላችሁ ከላይ ባስገባሁት አዲሱ አድራሻ ጻፉልኝ። በድሮው የላካችሁልኝ ካለ አልደረሰኝም።

አስጎብኚው፣ ከጎንደር