ጌቹ፣ ውርጩ ሳይቀድመን

ጌቹዬ፣

እንደምን ከረምክ? ልጆቹስ? ድምፄን አጥፍቼ ከረምኩ፣ ይቅር በለኝ። ምክንያቱን ስንገናኝ ቁጭ ብለን እናወራዋለን። ዛሬ ጉዳይ ይዤ ነው የመጣሁት። «ሲቸግርህ ብቻ ነው የምታስታውሰኝ» እንደምትል አውቃለሁ፣ በል፣ ግን መጀመሪያ ስማኝ።

ነገሩ የእማዬ ባቄላ ነው። ታች ወንዙ ዳር ያለችው ማሳ። ዘንድሮም እዚያው ዘራች፣ ያውም ዘግይታ። አበባው ገና አልረገፈም፣ ያፈራውም ለጋ ነው አለችኝ። ላይኛው ገብስ ግን ቢጫ ሆኗል። ትናንት ደውዬ ስለ ውርጭ ሳነሳባት «የእግዜር ነው ልጄ» አለችና ወሬውን ወደ እኔ ሳል አዞረችው። ታውቃታለህ።

እዚህ አራት ኪሎ ሌሊቱ ተለውጧል። ክረምቱን ሙሉ የተጫነን ዳመና ተገፎ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ማታ ከእንጦጦ በኩል የሚወርደው ብርድ አጥንት ይሰብራል። ጠዋት ታክሲ ሰልፉ አጠገብ ቡና የምታፈላዋ ልጅ ጋ ሰው ስኒውን ተቀብሎ ቶሎ አይጠጣም፣ በሁለት እጁ ጨብጦት ይቆያል። በጥቅምት አንድ አጥንት የሚባልበት ወቅት ነው መቼም። እናንተ ደብረ ብርሃን አካባቢ ደግሞ ከዚህ ወደ 400 ሜትር ያህል ከፍ ትላላችሁ። እኔን እዚህ ሹራብ ያስደረበኝ ብርድ እዚያ ምን እንደሚሠራ ሳስብ ነው ብዕር ያነሳሁት።

የወቅቱን ትንበያ እየተከታተልኩ ነው። ናይሮቢ ያለው የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከል ለምሥራቅ አፍሪካ በሙሉ ያወጣል፣ የእኛው ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ደግሞ ለአገሩ የበጋውን ይናገራል። ካርታውን በስልኬ ሳገላብጥ ነው የማመሸው። በእኛ በኩል ያለው ቀለም ፈዛዛ ነው፣ ወደዚህም ወደዚያም ብዙ አላጋደለም። ሰው ይህን ካርታ ሲያይ የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። «40 ከመቶ ከመደበኛ በላይ» የሚል ካየ ይዘንባል ብሎ ይደመድማል። ሦስት ዕድል ነው ያለው፦ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። ምንም ፍንጭ በሌለበት ለእያንዳንዱ 33 ይደርሰዋል። 40 ማለት እንግዲህ ትንሽ ዘንበል አለ ማለት ነው፣ ሌላ አይደለም። በየትኛው ቀን እንደሚዘንብ ደግሞ የወቅት ትንበያ ጭራሽ አይነግርህም።

አየህ፣ ያስጨነቀኝ ይኸው ነው። ዳመና ከመጣ ባቄላው ከውርጭ ይተርፋል፣ ግን ዝናቡ ገብሱን አውድማ ላይ ያገኘዋል። ሰማዩ ከጠራ ገብሱ ደርቆ ይገባል፣ ባቄላው ግን ያልቃል። በየትኛው እንጸልይ? የ2012ቱን መኸር አልረሳኸውም። የሕንድ ውቅያኖስ በእኛ በኩል ሞቆ፣ በኢንዶኔዥያ በኩል ቀዝቅዞ፣ ዝናቡ ጥቅምትና ኅዳርን ሁሉ ተከተለን፣ አንበጣውም በዚያው ላይ ተጨመረ። ያን ጊዜ ነዶ ስንገለብጥ ያልከኝን እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ። ለቦረናና ለሶማሌ ወገኖቻችን ግን ይኸው ዝናብ ሕይወታቸው ነው። ሁለተኛ የዝናብ ወቅታቸው ስለሆነ እኛ «ባልመጣብን» የምንለውን እነሱ ደጅ ደጁን እያዩ ይጠብቁታል። ከ2013 ጀምሮ ዝናቡ እየደጋገመ ሲቀር ከብታቸው እንዴት እንዳለቀ አይተናል። ስለዚህ አትዝነብ ብዬ መጸለይም ከበደኝ።

ውርጩ ግን ከዝናቡ ይልቅ ይታወቃል። ሰማይ ሲጠራ፣ አየሩ ሲደርቅ፣ ነፋሱ ጸጥ ሲል መሬት ቀን ያጠራቀመችውን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ወደ ላይ ትለቃለች፣ የሚመልስላት ዳመና የለም። የቀዘቀዘው አየር ይከብዳል፣ ቁልቁል ይወርድና ረባዳው ላይ ይተኛል። አንተ ዳገቱ ላይ ያለው ባቄላህ ስለተረፈ «እጄ ነው» እያልክ የኮራኸው ለካ ዳገቱ ነው ያተረፈልህ! ታች ያለው ቅጠል ግን ማለዳ ነጭ ለብሶ ሲነኩት ቀጭ ይላል፣ ፀሐይ ሲያርፍበት በፈላ ውሃ እንደተነከረ ጠቁሮ ይልፈሰፈሳል። እማዬ በዚያ መሀል እየዞረች አንድ አንዱን ቀና ስታደርግ አይቻታለሁ። ደግሜ ማየት አልፈልግም።

ደግሞ «ደብረ ብርሃን 3 ዲግሪ» ሲባል ሰምተህ እንዳትዘናጋ። ቴርሞሜትሩ ከመሬት ከፍ ብሎ ሳጥን ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ ቅጠሉ ያለበት ቦታ ከዚያ ይብሳል።

እንግዲህ የምለምንህ ይኸውልህ። በዚህ ሳምንት ደቦ ጥራላት። ለጠላውም ለዳቦውም የሚሆነውን በቴሌብር እልክልሃለሁ። ገብሱ ይታጨድ፣ ክምሩ ከሥሩ ድንጋይና እንጨት ይነጠፍለት። ሸራ ገዝቼ ከላምበረት በሚነሣው መኪና እሰድልሃለሁ። ባቄላውን ደግሞ ሰማዩ የሚጠራ በመሰለህ ቀን ከሰዓት በኋላ ከወንዙ ውሃ ስባችሁ አጠጡት። እርጥብ አፈር ሙቀት ይይዛል፣ ሌሊት ቀስ እያለ ይለቀዋል። ጭሱንም ሞክሩት፣ ብቻውን ግን ብዙ አያስጥልም፣ ነፋስ ካለ ደግሞ ይበተናል። ወንዙ ወርዶ ከሆነ ያፈራውን በእሸቱ ሽጡት፣ ከሚያልቅ ይሻላል። የሦስት ቀኑን ትንበያ እኔ እዚህ እያየሁ ማታ ማታ እደውልልሃለሁ።

አንድ ነገር ልንገርህ... ልጻፈው ወይስ ልተወው እያልኩ ነው እዚህ የደረስኩት። ለማንም አልተናገርኩም። ባለፈው ሰሞን ዘንድሮ አዝመራው ከጠፋባት እሺ ብላ ወደ እኔ ትመጣለች የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ብቻዋን መሆኗ ያሳስበኛል፣ ጉልበቷም እንደ ድሮው አይደለም። ግን እናቴ ተሸንፋ እንድትመጣ መመኘት! ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። መምጣቷን እፈልጋለሁ፣ ጎተራዋ ሞልቶ፣ በፈቃዷ። ለእሷ አትንገራት፣ አደራ።

ሌላው ወሬ ሁሉ ይቆይ። ሥራው እንዳለ ነው፣ ቤት ኪራዩ ጨምሯል፣ ፒያሳን ብታየው አታውቀውም። የአንተን ደግሞ እሰማለሁ፣ የትልቋን ፈተና ነገር ሳትነግረኝ ስልኩን እንዳትዘጋ።

ሐሙስ ማታ 1 ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ባትሪህን ሙላው። ካላነሳህ ዓርብ በመጀመሪያው መኪና ሸራውን ተሸክሜ ራሴ እመጣለሁ፣ ማጭድ አዘጋጅልኝ።

ያንተው
ብሬ